አውሮፕላን የጠራው ጭስ

ከአንጋጫ በላይ ያለው ተራራ መቃጠል ከጀመረ ሦስተኛ ቀኑ ነው። ፀሐይዋ እንደ በርበሬ ቀልታለች፣ ወፍ የሚባል ነገር ጠፍቷል፣ የእነ ሐዳሳ ላም ደግሞ ከጠዋት ጀምሮ ሣር አልቀምስ ብላ ወደ ተራራው ታፈጣለች።

"ምን ታይቶሽ ነው አንቺ?" ብላ ሐዳሳ ተቆጣቻት እንጂ፣ የስምንተኛ ክፍሏ ጉረኛም ዓይኗን ከተራራው አልነቀለችም።

አባቷ አቶ ታዴዎስ እሳት ሊያጠፉ ወጥተዋል። እናቷ ትንንሾቹን ይዛ ወደ ቸርች ወርዳለች። ሐዳሳ "ዕቃ አውጥቼ እመጣለሁ" ብላ ከጎረቤቷ ከጵርስቅላ ጋር ቀርታለች። ከላይ አንዲት ትንሽ ቢጫ አውሮፕላን እየተመላለሰች ውሃ ትደፋለች፤ ጭስ በጎላበት ጫካ ላይ ብቻ። እሳቱ ግን ተንኮለኛ ነው፤ ብዙ ሳይጨስ በደረቁ ሣር ውስጥ ወደ እንሰቱ እየተሳበ ነው። ከእንሰቱ ቀጥሎ የሣር ቤታቸው ነው።

"ፓይለቱ አያየንም እኮ!" አለች ሐዳሳ።

"እንደ ባጃጅ አስቁሚዋ ታዲያ።"

"ጭስ አይደል የሚፈልገው? እንስጠው!"

"ኧረ ሐዱ ተይ! አባትሽ ይገድሉሻል።"

"ቤታችን ከሚነድ ይግደሉኝ።"

ደረቅ የእንሰት ቅጠል ከምራ ለኮሰች፤ እርጥብ የባሕር ዛፍ ቅጠል ጫነችበት። ጭሱ ነጭና ወፍራም ሆኖ ተነሳ፤ ከጓሮው ጀርባ ያሉትን ረጃጅም ባሕር ዛፎች ዋጣቸው።

"ዛፎቹ የት ሄዱ?" አለች ጵርስቅላ።

አውሮፕላኗ ዞረች። ዝቅ አለች። ውሃው የተጠጋውን እሳት አጥፍቶ፣ እንሰቱንና ጣሪያውን አልፎ እነሱንም አራሳቸው። ሐዳሳ በደስታ ጮኸች። ጩኸቷ ሳያልቅ አውሮፕላኗ ጭሱ ውስጥ ገባች፤ ዛፍ ሲሰበር ተሰማ፣ ከዚያ መሬቱ ተንቀጠቀጠ።

ፓይለቱ በሕይወት አልተገኘም። ፖሊሶች አደጋውን ሊመረምሩ መጡ።

በማግስቱ የቸርች ሽማግሌዎች ቤቱ ስለተረፈ ለምስጋና እነ ሐዳሳ ቤት ተሰበሰቡ።

"ያን እሳት ለፓይለቱ ከሰማይ ማን አሳየው? ጌታ ነው!" አሉ አንዱ።

"አሜን!" አለ ቤቱ ሁሉ።

"ሐዳሳ፣ በቦታው የነበርሽው አንቺ ነሽ። ተነሺና መስክሪ።"

ተነሳች። ሌላ ጊዜ ምላሷ አያርፍም፤ አሁን ግን ቃላቱን አንድ በአንድ አወጣቻቸው።

"ያየው እሳቱን አይደለም። እኔ ያጨስኩትን ጭስ ነው። ዛፎቹንም የጋረደበት እሱ ነው።"

አሜን ያለ የለም። አቶ ታዴዎስ ቀስ ብለው ተነሱ፣ ኮታቸውን ከግድግዳው አወረዱ።

"ጫማሽን አድርጊ" አሏት። "ፖሊሶቹ ገና አልሄዱም።"