ለሸዋዬ የጻፍኩት ቃል

አሕመድ ዳጋህ ሰፈር፣ አንድ ፎቶ ኮፒ ቤት ውስጥ ተቀምጬ ለሰው የእንግሊዝኛ ደብዳቤ እጽፋለሁ። ደሴ ሳለሁ አስተማሪ ነበርኩ። ድንበሩን ወደ ሶማሌዎች አገር ስሻገር ብዙ ነገር ጥያለሁ፤ ቃል አሳምራለሁ የሚለውን ትዕቢቴን ግን ይዤው መጣሁ።

አንድ ቀን ሻምሶ የምትባል ባለሱቅ የቤት ሠራተኛዋን ሸዋዬን ይዛ መጣች። ሻምሶ ጅጅጋ ስላደገች አማርኛዋ ከእኔ አያንስም።

"ቲቸር፣ የሥራ ልምድ ጻፍላት። የለቀቀችው ስላልተስማማን ነው በል። ለስለስ አድርገው።"

"ምን ሆናችሁ?" አልኩ።

ሻምሶ ፊቷን አዞረች። የመለሰችልኝ ሸዋዬ ናት።

"ኒሞ አሟት እያቃዣት ነበር። እንግዶች ፊት 'ሆዮ' ብላ ጠራችኝ።"

ሆዮ በሶማልኛ እናት ማለት ነው። ሻምሶ ሱቋ ስትውል፣ ልጇን ኒሞን አራት ዓመት ሙሉ አዝላ ያሳደገቻት ሸዋዬ ናት።

አለመስማማት ለሚለው በእንግሊዝኛ "ዲስኮርድ" ብዬ ጻፍኩ። ጽፌ ዝም ብል ምን ነበረበት! "ከላቲን የመጣ ነው፤ ግማሹ መለየት፣ ግማሹ ልብ ማለት ነው። ልብና ልብ ሲለያይ እንደ ማለት" እያልኩ ማብራራት ያዝኩ።

"ማሻአላህ፣ ያምራል" ብላ ሻምሶ ፈረመች።

"የእኔ ልብ መቼ ተለየ፣ ጋሼ አክሊል?" አለች ሸዋዬ። "አልለይ ብሎ አይደል እንዴ ያስባረረኝ?"

ሰማኋት። ሰምቼም ወረቀቱን አጥፌ ሰጠኋት።

ያለ ወረቀት ደህና ቤት የሚቀጥራት የለም፤ በዚያ ወረቀትም የቀጠራት አልተገኘም። አስሊ የምትባል ሴትዮ አንብባ "አንቺ ጠበኛ ነሽ" ብላ ከበር መለሰቻት። አንድ እጅ አያጨበጭብም ይባላል። የእኔ ቃል ግን አስጨበጨበው፤ የአንዷን በደል የሁለት ሰው ጠብ አደረገው። ሸዋዬ አስተካክልልኝ ብላ ተመልሳ መጥታ ነበር። ሻምሶ ካልፈረመች አይሆንም አልኳት። አሁን ዳሚ በሚባለው የድሆች ሰፈር በየቤቱ እየዞረች ልብስ ታጥባለች። አፍራለሁ። ማፈሬ ለእሷ አንድ ቀን እንጀራ አልሆናትም።

ትናንት ሻምሶ የኒሞን የትምህርት ቤት ፎርም ልታስሞላ ልጅቷን ይዛ መጣች። ላጫውታት ብዬ በሶማልኛ ጠየቅኳት።

"የእናትሽ ስም ማን ነው?"

"ሸዋዬ" አለች፣ ሳታመነታ።

ሻምሶ አየችኝ። ልጅቷም አየችኝ።

አሳምሬ "ሻምሶ" ብዬ ጻፍኩ።