ከጥላሸቱ ሥር

የእሳት አደጋ ሠራተኛዋ ማድቤት ስትገባ የቆዳ ሄልሜቷን ምድጃው አጠገብ ወንበር ላይ ተደፍቶ አገኘችው። ትናንት ከአንድ መጋዘን ቃጠሎ የመጣው በውሃ ርሶ ነበር።

«ማነው እዚህ ያስቀመጠው?»

«እኔ ነኝ፣ የኔ ቆንጆ። ቶሎ ይድረቅልሽ ብዬ» አለ ባሏ። ፀጉር አስተካካይ ነው።

«ቆዳ እኮ ጥላ ውስጥ ነው የሚደርቀው! የደንበኛህ ፀጉር መሰለህ?»

አነሳችው። ከአናቱ እስከ ጠርዙ ስንጥቅ ወርዶበታል። አባቷም የእሳት አደጋ ሠራተኛ ሳለ ለዓመታት ያደረገው ነው፤ ጡረታ ሲወጣ በገዛ እጁ ራሷ ላይ ደፋላት። ከሰዓት በኋላ አለቃዋ ዕቃ ይፈትሻል፤ የተሰነጠቀ ቆዳ ደግሞ ያለ ክርክር ይጣላል።

«አባባን ምን ብዬ ዓይኑን አየዋለሁ?»

«ባሌ ነው ያበላሸው በዪ። ድሮም አይወዱኝም።»

ሳትወድ ሳቀች። የስንጥቁን ጥልቀት ለማየት እርጥብ ጨርቅ የቆዳ ሳሙና አስነክታ ቀስ ብላ አሸችው። ጥቁር ቅርፊት ተላጦ ጣቷ ላይ ቀረ። ከሥሩ ቡናማ ቆዳ ብቅ አለ፤ ልስልስ ያለ፣ ጭረት እንኳ የሌለው።

ያኔ ገባት። በአባቷ ጊዜ ጥላሸት ማጠብ ነውር ነበር፤ የጠቆረ ሄልሜት የጎበዝ ነው። እንዳይለቅበት ከየእሳቱ በኋላ ሰም ይለስነው ነበር። እሷም ልታጥበው ደፍራ አታውቅም። የተሰነጠቀው ያ ልስን ነው።

ጨርቁን እንደያዘች ቆመች። ቆዳው ይተርፋል፤ የአባቷ እሳት ሁሉ ግን ባልዲ ውስጥ ሊቀር ነው። ካልታጠበ ደግሞ ጥላሸቱ ውሎ አድሮ ቆዳውን ይበላዋል። አጠበችው። ጥላ ውስጥ አናፈሰችው፤ ጠፈፍ ሲል የቆዳ ቅባት በስሱ አሸችበት።

ከሰዓት በኋላ አለቃዋ ጠርዙን በአውራ ጣቱ ተጭኖ፣ ገልብጦ አየው። «አዲስ ገዛሽ እንዴ?» ብሎ ሄልሜቱን መለሰላት። ከጠዋት ጀምሮ የያዘችውን ትንፋሽ ያኔ ለቀቀችው።

የቀረው አባቷ ነው። ማታ ቤቱ ሄዳ ጭኑ ላይ አስቀመጠችለት፤ አብሯት የመጣው ባሏ ደጅ ቀረ። አገላበጠው።

«እሳቴን ሁሉ አጠብሽው?»

«ቆዳው ግን ደህና ነው፣ አባባ።»

ወደ መብራቱ አስጠጋው። «ቡናማ ነበር እንዴ? ይሄን ሁሉ ዘመን ጥቁር ይመስለኝ ነበር!» ሳቁ ወንበሩን አንቀጠቀጠው። «በይ ያንን ባልሽን ከበሩ ኋላ ውጣ በዪው። ምድጃ አካባቢ ግን እንዳላየው።»