በራስጌዋ ያለው ስፒከር

ፋንቱ ባሏ ደምሴ ሲሞት አላለቀሰችም። ሰው መቼም አያርፍ፤ የመርሳ ከተማ ሰው ሙሉ አወራው። «ከአንጀት ካለቀሱ እንባ አይገድም» ያሉ ለቀስተኞች ነበሩ፣ ያውም የቤቷን ንፍሮ እየቆረጠሙ! እሷን ግን ያስፈራት ሐሜቱ አይደለም፤ የውስጧ ዝምታ ነው። ትበላለች፣ ትሸጣለች፣ ትተኛለች። ደስም አይላት፣ አይከፋትም። «ወይ አልወደውም ነበር፣ ወይ እኔም አብሬው ሞቻለሁ» ትላለች ለራሷ።

ሙት ዓመቱ ሲያልፍ ልጇ ቃልኪዳን ከወልድያ ፍላት ቴሌቪዥን ገዝታ ላከችላት። መልኩ ሸጋ፣ ድምፁ ግን የትንኝ። ከደምሴ ባለ ሁለት ስፒከር ትልቅ ቴፕ ጋር እንዲያገናኘው ወንድሙ የሚባል የሬዲዮ ጠጋኝ ተጠራ። ሐዘን ቤት ሙዚቃ አይከፈትምና ቴፑ ዓመት ሙሉ ጨርቅ ለብሶ ነበር የከረመው።

«እትዬ ፋንቱ፣ ይቺን ቀይና ነጭ ገመድ ከኋላው ልሰካት እንጂ ቤትዎ ሲኒማ ነው የሚሆነው!» አለ ወንድሙ። እጁ ቢያርፍ አፉ አያርፍም።

«እንዳሻህ» አለች።

ሰካው። ዜና አንባቢው በበሩ በኩል ካለው ስፒከር አስገመገመ። ከመጋረጃው ማዶ፣ በአልጋዋ ራስጌ ያለው ግን ትንፍሽ አላለም።

«እሱ የተበላሸ ነው፣ አትድከም» አለች። «ደምሴን አስጠግነው እያልኩ ስንት ዓመት ጨቀጨቅሁት። ‹እሺ› ይላል፣ ይስቃል፣ ይተወዋል። ለቤቱ ደንታ አልነበረውም።»

ወንድሙ ገመዱን ነቅሎ ሰካ፣ ስፒከሩን አንኳኳ። ኋላ ጎንበስ ብሎ የቴፑን ፊት ሲያይ፣ ድምፁን ለግራና ለቀኝ የሚያካፍለው ቁልፍ ወደ አንድ ጎን ተጠምዝዞ በፕላስተር ታስሯል። በሳቅ ፈነዳ።

«ውይ! የኔው ሥራ ነው እኮ! ጋሽ ደምሴ፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ እሳቸው ናቸው ያሳሰሩኝ። ‹ፋንቱ በሌሊት ተነስታ ግራና ከተማ ለገበያ ትወርዳለች፤ እኔ ማታ አምባሰል ስሰማ በራስጌዋ ያለው ዝም ይበልልኝ። እንዳትነግራት ታዲያ፤ ካወቀች ለኔ ብለህ ደስታህን አታጉድል ትለኛለች› አሉኝ።»

ይህን እያለ ፕላስተሩን ላጠና ቁልፉን መሐል ላይ አደረገው። የራስጌው ስፒከር ያለ አንዳች እንከን ተናገረ።

ፋንቱ አልጋው ጫፍ ላይ ቁጭ አለች።

«አንተ ሰውዬ» አለች፣ «አንድ ቀን እንኳ አትነግረኝም?»

ወንድሙ እሱን የጠየቀችው መስሎት አፉን ከፈተ። እሷ ግን ወደ እሱ አልነበረም የምታየው። ወዲያው «ዋይ!» ብላ ጮኸች፤ ደረቷን መታች። እንባዋ ጉንጯን አልፎ አገጯ ላይ ደረሰ፤ አልጠረገችውም።

ጎረቤቷ ብዙነሽ ነጠላዋን እየጎተተች ሮጣ ገባች።

«ምነው እቴ? ምን ሰማሽ? ማን ሞተ?»

«ደምሴ» አለች ፋንቱ። «ደምሴ ሞተብኝ።»