የጁምዓ ፊርማ

ሀኒፋ ክፉ ሴት አይደለችም። ክፉ ብትሆንማ ኖሮ ይሄ ሁሉ መዓት ባልመጣ። ክፉ ሰው ምን አገባኝ ብሎ ለጥ ብሎ ይተኛል። እሷ ግን ልጇ ስትጨነቅ እያየች እጇን አጣጥፋ መቀመጥ አልሆነላትም፤ ጥፋቷ ይኸው ነው፣ ሌላ የለባትም።

ከወሎ ተነስታ በመተማ በኩል ካርቱም ከገባች ሃያ አራት ዓመቷ ነው። ሪያድ ሰፈር አንድ ቪላ ውስጥ ታጥባለች፣ ትተኩሳለች፣ አልጋ የያዙትን የመዳሟን እናት ታገላብጣለች። ባሏ ፈድለላ ሱዳናዊ የጭነት መኪና ሹፌር ነበር። ደግ ሰው ነበር፣ አፈሩ ይቅለለው፤ ወረቀት የሚባል ነገር ግን ጠላቱ ነበር። ለአንድ ልጁ ለአቢር የልደት ወረቀት እንኳ ሳያወጣላት የፖርት ሱዳን መንገድ ላይ መኪናው ተገልብጦበት ቀረ።

በዚያ አገር ደግሞ ረቀም ወጠኒ የምትባለው የዜግነት ቁጥር ከሌለችህ የለህም። ፈተና አትፈተንም፣ ሥራ አትቀጠርም፣ ፖሊስ መንገድ ላይ ቢይዝህ የማን ነኝ ትላለህ? አቢር ቁጥሯን ለማግኘት ያባቷ ወንድም ቀርቦ መመስከር ነበረበት። እሱ ሆዬ «የሐበሺያ ልጅ ናት፤ የወንድሜ መሆኗን በምን አውቃለሁ?» እያለ ስምንት ዓመት አንከራተታት። በሃያ ዓመቷ፣ ሽማግሌ ተልኮበት፣ በግድ በመከራ መሰከረ። ካርዷን የተቀበለች ቀን አቢር እንደ ሕፃን እየዘለለች ነው ቤት የገባችው። ሀኒፋም ያን ቀን ሱሪ ስትተኩስ ዕንባዋ እየወረደ ተኮሰች።

በዓመቱ ምርጫ ሊደረግ ነው ተባለ። ወታደሩም፣ የድሮ ፓርቲውም፣ ጎሳውም የየራሱን ሰው አቀረበ። ወጣቶቹ ግን አንድ ሰው ይዘው መጡ፤ ኡስታዝ ጂብሪል ይባላል፣ የኬሚስትሪ አስተማሪ ነው። ፓርቲ የለው፣ ጠመንጃ የለው፣ ዘመድ የለው። ሪክሻ በሚሏት ባጃጅ ላይ ቆሞ ነው የሚናገረው። ትልልቆቹ ሳቁበት፤ ልጆቹ ግን አበዱለት። አንድ ቀን እነ ሀኒፋ የሚኖሩበት ዴም ሰፈር መሐል ቆሞ «እናቱ ከየትም ትምጣ፣ እዚህ የተወለደ ልጅ ከእንግዲህ ምስክር አይለምንም» አለ። አቢር ያንን በስልኳ ቀድታ ለእናቷ ስንቴ እንዳሰማቻት አይቆጠርም። ሀኒፋ ስለ ምርጫ የምታውቀው ነገር የለም፤ ይቺን አንዲት ቃል ግን አጥንቷ ድረስ ሰማቻት።

ታዲያ ሰውየው እጩ ሆኖ እንዲመዘገብ ደጋፊ በፊርማ ማሰባሰብ ነበረበት። ከካርቱም ይሄን ያህል ሰው፣ ስም፣ ቁጥርና አውራ ጣት። ቅጹን ያስሞላው ልጅ ደግሞ ከታች ስሙን ጽፎ ኃላፊነት ይወስዳል። አቢር የዴምን ክፍል ወሰደች። ሦስት ሳምንት ቤት ለቤት ዞረች፤ ፊቷ ከሰል መሰለ፣ ነጠላ ጫማዋ ተበጠሰ።

የመጨረሻው ቀን ጁምዓ ነበር። ምዝገባ ቢሮው ለዚያን ቀን ብሎ እስከ አሥራ አንድ ሰዓት ክፍት ይሆናል ተብሏል። ጠዋት አቢር ቅጾቿን አልጋ ላይ ዘርግታ ቆጠረችና ጭንቅላቷን ያዘች።

«ዩማ፣ አልሞላም» አለች እናቷን። አማርኛዋ ስብርብር ያለ ነው፤ ሲጨንቃት ግን ወደ እሱ ነው የምትሮጠው። «አርባ ሰው ጎደለ። ካርቱም ባይሞላ፣ ኡስታዝ ኸላስ፣ አለቀ።»

ሦስት ባዶ ቅጽ ይዛ አርካዊት ሰፈር ወደሚኖሩ የክፍሏ ልጆች በረረች። ሦስት ባዶ ቅጽ ደግሞ አልጋው ላይ ቀረ።

ጁምዓ የሠራተኞቹ ዕረፍት ነው። የወሎ ሴቶች ከሪያድም ከአርካዊትም ተነስተው ዴም፣ ኒዕማ የተከራየችው ክፍል ውስጥ ይገናኛሉ። ኒዕማ ዐረብኛ ማንበብና መጻፍ የምትችል ብቸኛዋ ስለሆነች የማኅበራቸው ጸሐፊ እሷው ናት። በዚያ ቤት አንድ ደንብ አለ፤ አንዲት ሴት ወረቀት ይዛ ከመጣች ለምንድነው ተብላ አትጠየቅም። የታሰረች አለች፣ የታመመች አለች፣ ሬሳዋ አገሯ የሚላክ አለች። ስም ይሰጣል፣ አውራ ጣት ይነከራል፣ አበቃ። ስንቷን ሴት ከስንት ጣጣ ያወጣ ደንብ ነው፤ እኔ አልነቅፈውም።

ሀኒፋ ቅጾቹን ኒዕማ ፊት ዘረጋች። «የአቢር ጉዳይ ነው። አርባ ሰው ጎድሏት እየሞተች ነው።»

ኒዕማ አገላብጣ አየችው። «ቁጥር ይላል እኮ። የምን ቁጥር?»

«የወረቀትሽ ነዋ፣ እቴ። የኢቃማሽን ጻፊው።»

«ይሄ የእነሱ የአገር ነገር ይመስለኛል፣ ሀኒፋ። እኛ በመኖሪያ ፈቃድ ያለን ሰዎች እንገባበታለን?»

«የአቢር ነው አልኩሽ። አቢር የእኛ ልጅ አይደለችም?»

እንዲህ ከተባለ ማን አፉን ይከፍታል? ሴቶቹ እየተሳሳቁ፣ «እንዲያው ለአቢር ሰርግ ቢሆን ኖሮ» እየተባባሉ ተሰለፉ። ዘህራ ዑመር፣ ከድጃ ሰዒድ፣ ፋጡማ አሕመድ። ስማቸውን ያየ የኦምዱርማን ተወላጅ ናቸው ይላል። አርባ ሴት ነበሩ፣ ሀኒፋና ኒዕማ ተጨምረው።

አቢር አሥር ሰዓት ላይ ላብ በላብ ሆና ስትመለስ ከአርካዊት ያገኘችው ስድስት ሰው ብቻ ነው። አልጋው ላይ ግን የሞሉ ቅጾች አገኘች፤ ሀኒፋ አኑራቸው ወደ ሴቶቹ ተመልሳለች። አብሯት የሚዞረው ማዚን እግር ጥሎት አምጥቶ ያስቀመጠላት መሰላት። ሪክሻው በር ላይ እየጮኸባት ነው፤ ስሟን ከታች ጫር ጫር አድርጋ ሮጠች። ቁጥሮቹን አንድ በአንድ ልታይ ጊዜው ከየት ይምጣ?

ማታ ስትመለስ እናቷን አንገቷ ላይ ተጠምጥማ ሳመቻት። «ሞላ፣ ዩማ። ማዚን ሞላልኝ።» ሀኒፋ «እኔ ነኝ እንጂ ምን ማዚን» ልትል አፏን ከፈተች። ከዚያ ደግሞ ለገዛ ልጅ ውለታ መቁጠር ሆነባትና ዋጠችው። ምነው ያኔ በተናገረች! በማግስቱ ሄደው ይሰርዙት ነበር፤ ፊርማው ባይሞላም ሌላው መዘዝ ይቀር ነበር።

በአሥረኛው ቀን ቢሮው አስታወቀ። ከዴም በቀረቡት ቅጾች ላይ የአርባ የውጭ ዜጎች ቁጥር ተገኝቷል። ደንቡ፣ አንድ ቅጽ ከተበላሸ ያስሞላው ሰው ያመጣው በሙሉ ይጣላል ይላል። የአቢር ሁሉ ሲጣል ካርቱም ጎደለ፤ ካርቱም ሲጎድል ኡስታዝ ጂብሪል ወደቀ። በቴሌቪዥን «የሐበሾች እጩ» ብለው ተሳለቁበት።

ማዚን ከሰዓት በኋላ መጣ። ዓይኑ ደም መስሏል። አቢር ገና ሳይገባ «ቅጹን ከየት ነው ያመጣኸው?» አለችው።

«የቱን ቅጽ? እኔ ምንም አላመጣሁም።»

ሀኒፋ የያዘችውን ትሪ አስቀመጠች። «እኔ ነኝ» አለች። «ከሴቶቹ ጋር፣ ኒዕማ ቤት።»

ማዚን ወደ እሷ ዞረ። «ኻላ» አላት፤ አክስቴ ማለቱ ነው፣ ተቆጥቶ እንኳ ክብሯን አልነሳትም። «ልጆች ለዚህ ፊርማ ተደብድበዋል። አንዱ ጓደኛችን አሁንም ታስሯል። ሌላ ሰው አልነበረንም እኮ። እሱ ብቻ ነበር ያለን።» አቢርን ሳያያት ወጣ፤ የግቢውን በርም አልዘጋውም።

አቢር መሬት ላይ ቁጭ አለች። አልጮኸችም፣ አላለቀሰችም። «ምን አደረግሽኝ፣ ዩማ?» አለች ብቻ። ሀኒፋ መሬት ተከፍታ በዋጠቻት ወደደች። ልጅዋን ልታቅፍ ሄደችና መሐል መንገድ ላይ ቆመች።

በማግስቱ ለእናትና ልጅ የፖሊስ መጥሪያ መጣ። ወሬው ዴምን ሲያዳርስ ሴቶቹ ከሥራ ቤታቸው እየሸሹ ኒዕማ ክፍል ታጎሩ። የሁሉም ስም፣ የሁሉም ቁጥር ቅጹ ላይ ሰፍሯል። ከመካከላቸው የደረሰች እርጉዝ አለች፤ ሦስት ልጆቿን እዚያው ትምህርት ቤት ያስገባች አለች፤ ከአገሯ ጦርነት ሸሽታ የመጣች፣ ብትመለስ ቤት የሌላት አለች። አንዷም ግን ሀኒፋን ቀና ብላ አልወቀሰቻትም። ቢወቅሷት ይሻላት ነበር።

መርማሪው ሻምበል ሳሊህ ይባላል። ጨዋ ሰው ነው፤ ለእናትና ልጅ ወንበር ሰጣቸው፣ ውኃ አስመጣላቸው። ቅጾቹን ጠረጴዛው ላይ ደርድሮ ለሀኒፋም እንዲገባት ቀስ ብሎ ተናገረ።

«እንግዲህ ነገሩ ከሁለት አንድ ነው። ወይ ይቺ ልጅ የሴቶቹን ቁጥር ከሆነ ቦታ አግኝታ ራሷ ሞልታዋለች። ያ ከሆነ ማጭበርበር ነው፤ ትታሰራለች፣ ዜግነቷም እንደገና ይታያል። ሴቶቹ ስማቸው ተሰርቆባቸዋል ማለት ነው፣ አይነኩም። ወይም ደግሞ ሴቶቹ ራሳቸው አውቀው ፈርመዋል። ያ ከሆነ ልጅቷ ተታላለች፣ ወደ ቤቷ ትሄዳለች። የውጭ ዜጋ ሆነው ምርጫ ውስጥ የገቡት ግን አርባዎቹም በዚህ ሳምንት በገላባት ድንበር በኩል ከአገር ይወጣሉ።»

«የጣት አሻራውስ?» አለች አቢር።

«የጣት አሻራ የሚያይ ሰው የለኝም» አለ ሻምበሉ። «የሚጻፈው የምትሉት ነው።»

ሀኒፋ ከቤቷ ስትወጣ ቁርጧን አውቃ ነው የወጣችው። የወለደች ናት፣ ሌላ ምን ታስብ? «እኔ አስፈርሜያቸው ነው፣ እነሱም ወደው ፈርመዋል፣ ልጄ አታውቅም።» ዐረብኛውን ሪክሻ ውስጥ ደጋግማ አጥንታዋለች። ስምንት ዓመት የተለመነባት ቁጥር በሷ እጅ አትጠፋም። አርባዎቹን ሴቶች አላህ ያውቅላቸዋል፤ ይቅር ቢሏትም ባይሏትም። አፏን ከፈተች።

አቢር እጇን በጠረጴዛው ሥር ያዘቻት። አጥብቃ ያዘቻት፣ ያምማል።

«እኔ ነኝ የሞላሁት» አለች ለሻምበሉ፣ ጥርት ባለ ዐረብኛ። «ቁጥሮቹን ከእናቴ ማኅበር መዝገብ ገልብጬ ነው። ሴቶቹ አያውቁም። እሷም አታውቅም።»

«አይደለም፣ ውሸቷን ነው» አለች ሀኒፋ፤ በአማርኛ ነበር ያለችው፣ ያጠናችው ዐረብኛ ሁሉ ጠፍቶባት።

ሻምበሉ ብዕሩን እንደያዘ ጠበቀ። «ምን አለች?»

አቢር ወደ እናቷ ዞረች። ያንን ስብርብር አማርኛዋን እየፈለገች፣ ቃል ቃሉን እየለቀመች ተናገረች። «ዩማ፣ አርባ ሴት እኮ ናቸው። ልጆች አሉ። ኡስታዝ ለማን ነው ያለው? ለእነሱ ልጆች አይደለም? እኔ አንድ ነኝ። ዝም በይ። በአላህ፣ ዝም በይልኝ።»

«ምን አለች ብያለሁ» አለ ሻምበሉ።

ሀኒፋ ልጇን አየቻት። ያንን የፈድለላን ግንባር፣ የራሷን ዓይን፣ የተላጠውን ከንፈር አየች። አንዲት ቃል ብቻ ነው የሚያስፈልገው፤ አርባውንም ልትሰጥ ዝግጁ ነበረች፣ ለምን ይዋሻል። ግን የልጇ እጅ እጇን አልለቀቀም። ሀኒፋ አንገቷን ደፋች፣ ዝምም አለች።

ሻምበሉ ጻፈ። ከዚያ የአቢርን ካርድ ተቀብሎ መሳቢያው ውስጥ ከተተ፤ ሁለት ሴት ፖሊሶች ገብተው ወሰዷት።

ኒዕማ ከግቢው ውጭ፣ ግድግዳ ተጠግታ ቆማ ነበር። ሀኒፋን ስታይ ወደሷ መምጣት እንኳ ፈራች።

«ምን አሉ?»

«እናንተን አይነኩም» አለች ሀኒፋ። «ለሁሉም ደውይላቸው። ወደ ሥራቸው ይግቡ።»

ኒዕማ እዚያው አፈሩ ላይ ተንበርክካ ሱጁድ ወረደች። ተነስታ የሀኒፋን እጅ ያዘች፣ መዳፏን ሳመች፣ ጀርባውን ሳመች፣ ዕንባዋ እየወረደ።

«ሀኒፋዬ፣ አላህ ልጅሽን ያኑርልሽ» አለቻት።

«አሚን» አለች ሀኒፋ።