ግማሹ የተከደነው ቤት

ሰዎች «ድመቱ» የሚሉት ጣራ ላይ ሲሄድ ኮቴው ስለማይሰማ ነበር። ሠላሳ ዓመት ሙሉ የሣር ቤት ሲከድን አንድም ቀን ተንሸራትቶ አያውቅም። የመንደሩን አዋላጅ ቤት ግማሹን ከድኖ ግማሹ ሲቀረው ግን፣ የረገጠው ማገር ውስጡን ነቀዝ በልቶት ኖሮ ቀጭ ብሎ ተሰበረና ከነነዶው መሬት ወረደ። ጭኑ ተሰበረ።

ወጌሻው አሰረለትና «መሰላል የሚባል ነገር እንዳታይ» ብሎት ሄደ።

አዋላጇ ልትጠይቀው መጣች። ሰማዩ መጥቆር ጀምሯል፤ ዕቃዋን ሁሉ ወደተከደነው ወገን አጓጉዛ አልጋዋን በሩ ሥር ዘርግታለች። ቢሆንም አልተማረረችም። ልታስቀው ብላ ለሚስቱ፣ «ከዳኝ ነው ብለውኝ ባመጣው፣ ይኸው ከዳኝ» አለቻት።

ሚስቱ ሳቀች። እሱ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ።

እነዚያን ሠላሳ ዓመታት ሚስቱ ከመሰላሉ ሥር ነበረች። አጭር ሣር ቶሎ ይበሰብሳል፤ በደንብ የደረሰውንና ረጅሙን ሰንበሌጥ የምትመርጠው እሷ ናት። አሽትታ እርጥቡን ከደረቁ ትለያለች፤ በጣቷ አበጥራ ገለባውን ታራግፋለች፤ ከዛፍ ቅርፊት በተላጠ ልጥ ነዶውን አስራ ታቀብለዋለች። ቀና ብላ እጁን ስታይ ስለኖረች ሥራውን አንገቷ ያውቀዋል።

በማግስቱ ጠዋት ከቀሚሷ ሥር የባሏን ሱሪ ታጠቀችና የሣር መጠቅጠቂያውን እንጨት አነሳች።

«ወዴት ነው?»

«የጀመርከውን ልጨርስ።»

«አንቺ ሴት፣ ሰው ምን ይላል?»

«ቤቱ አያፈስም ይላል።»

«ብትወድቂስ?»

«አጠገብህ እተኛለኋ።»

የመጀመሪያው ቀን አላፊ አግዳሚው ቆሞ አያት፤ አንዱማ «ድመቱን ድመቷ ተካችው» ብሎ አሳቀባት። እሷ ከታችኛው ጠርዝ ጀምራ ነዶ በነዶ ላይ እየደረበች፣ እያንዳንዱን ከማገሩ ጋር እየጠፈረች ሄደች። ችግሩ ነዶ የሚያስርላት አለመኖሩ ነው። ወርዳ ታስራለች፣ ወጥታ ትከድናለች። በሁለት ቀን ሁለት ክንድ አልሞላላትም። ወደ ቤት ስትገባ እጇ በሣሩ ስለት ተተልትሏል። ባሏ አየው።

በሦስተኛው ቀን ረፋድ ላይ ድመቱ በሁለት ምርኩዝ እየተጎተተ መጣ። አዋላጇ በርጩማ ሰጠችው። እግሩን ዘርግቶ ተቀመጠና አንድ እቅፍ ሰንበሌጥ ወደ ራሱ ሳበ። ሚስቱ ከላይ ሆና አየችው፤ እንዳላየች ሆነች።

እሱ ያሰረውን የመጀመሪያውን ነዶ አዋላጇ አቀበለቻት። ሚስቱ በእጇ መዘን አደረገችውና ቁልቁል ወረወረችው።

«የላላ ነው።»

«ምኑ?»

«ሥሩ እኩል አይደለም፤ ልጡም አልነከሰም። ውሃ ያስገባል።»

ሁለተኛውንም መለሰችው። ሦስተኛውንም። ድመቱን ላብ አጠመቀው፤ ልጡ ጣቱን ቆረጠው። ሠላሳ ዓመት እጁን በዘረጋ ቁጥር የተሰናዳ ነዶ መዳፉ ላይ ያርፍ ነበር፤ እንዴት እንደሚሰናዳ አንድ ቀን አስቦት አያውቅም።

«እንዴት ነው የምታደርጊው?» አላት በመጨረሻ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

ወረደች። አጠገቡ ቁጢጥ ብላ የሣሩን ሥር መሬት ላይ መታ መታ አድርጋ አስተካከለች፤ በጉልበቷ ተጫነችና ልጡን ጠመዘዘችው። «አንተ ጭንህን ስለሚያምህ በክርንህ ተጫነው» አለችው። ተጫነው። ያዘለት።

ልትወጣ ስትል፣ «ወደ ላይ ስትደርሺ ማገሩን ሳታንኳኪ እንዳትረግጪ፤ የነቀዘው ድምፁ ባዶ ነው» አላት።

«እሺ።»

በስምንተኛው ቀን የጣራውን ጫፍ አስራ ወረደች። ከሁለት ቀን በኋላ ዝናቡ ጀመረ፤ አዋላጇ ሰው ልታዋልድ ሄዳ ስትመለስ ቤቷን ደረቅ፣ አልጋዋን እንደተነጠፈ አገኘችው። በዝናብ ተመልሳ ወጥታ ለሁለቱም ነገረቻቸው።

የድመቱ ጭን ዳነ፤ እግሩ ግን አጥሮ ቀረ። ከወራት በኋላ አንድ ንብ አናቢ ደጃፋቸው ላይ ቆሞ፣ «ከዳኙን ፈልጌ ነበር» አለ። ድመቱ ሣር እያበጠረ ነበር።

«አረፍ በል፤ ከዳኟ አሁን ትወጣለች።»

«እርስዎ አይደሉም እንዴ?»

«እኔ የእሷ ነዶ አሳሪ ነኝ።»

«ገና ይቀረዋል» አለች ሚስቱ ከጓዳ።