ለአማት አፍ የተፈላ ዮት

የእኔ ዮት ጥርስ አይነቅልም። ድሮውንም ሊወድቅ የተነሳ ጥርስ ካገኘ ግን አብሮ ይዞት ይወጣል፤ ያ ደግሞ የጥርሱ ጥፋት ነው። ይህን ለከተማው ሰው ስናገር ኖሬያለሁ፣ የሚሰማኝ የለም። ጭራሽ ልጄ ዳሶም የጥርስ ሐኪም ከሆነች ወዲህ ገበያ ስወጣ "እናት ትሰብራለች፣ ልጅ ትጠግናለች፤ ቤተሰቡ ከአንድ አፍ ሁለቴ ይበላል" እያሉ ይስቁብኛል። ይሳቁ። ሲስቁ አፋቸው ውስጥ የማየው የልጄን ሥራ ነው።

ዮት ከሩዝና ከብቅል የሚፈላ ጣፋጭ ነው። ፈልቶ ሲወፍር እኔና ባለቤቴ ፊት ለፊት ተቀምጠን ጫፍና ጫፉን እንይዝና እንጎትተዋለን፤ አጥፈን ደግመን እንጎትተዋለን፤ እየነጣ ይሄዳል። ብዙ የተጎተተ ዮት ጥርስ ሥር ቀሽ ብሎ ይሰበራል እንጂ አይጣበቅም። ትንሽ የተጎተተው ግን ሌላ ነው። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል፤ ይህን ያለ ሰው የእኛን ዮት አልቀመሰም። ባለቤቴ ደግሞ ትዳራችን የጸናው ተኳርፈንም ቢሆን መጎተታችንን ስለማንተው ነው ይላል።

ዳሶምን ያገባት ልጅ ዱሺክ ይባላል። ለስላሳ ልጅ ነው፣ ከድመት ጋር እንኳ ተጣልቶ አያውቅም። እናቱ ወይዘሮ ናምጉንግ ናጁ ከተማ ውስጥ ወንዙ ዳር አሳ ቤት አላቸው። የሚሸጡት ሆንጎ ነው፤ አፍንጫ እስኪሰነፍጥ ድረስ እንዲቦካ ተቀምጦ የሚበላው አሳ። እኛ የዚህ አገር ሰዎች ነፍሳችንን እንሰጥለታለን፤ ከእኛ መሐል አንድ ሰው ብቻ ሲሸተው ይሸሻል፣ እሱም የእኔ ልጅ ነች። ወይዘሮዋን ደግሞ አገር ያውቃቸዋል። ላፍ ዳገት የለውም ይሉ የለ፤ የሳቸው አፍ ዳገት ቢያገኝም ሽቅብ ይሮጣል።

ሁለቱ ቤተሰብ ለመተዋወቅ የተቀመጥን ቀን ገና ሾርባው ሳይቀርብ የልጄን እጅ ያዙና አገላበጡት።

"ጣቶችሽ ቀጫጭን ናቸው። ግድ የለም፣ ከሰርጉ በኋላ አሳ ስትቆርጪ ይጠነክራሉ። ክሊኒኩን ትተዪዋለሽ።"

"እናቴ፣ ሥራዬን እወደዋለሁ" አለቻቸው ዳሶም በትሕትና።

"ቀኑን ሙሉ የሰው አፍ ሲያዩ መዋል ምኑ ይወደዳል?"

"የእርስዎን ልየው?"

ሾርባዬ ትን አለኝ። ወይዘሮ ናምጉንግ ሸርጣን ሲነክሱ የፊት ጥርሳቸው ወልቆባቸው፣ ሲስቁ አፋቸውን በእጃቸው ይሸፍኑ ነበር። የቀሩትም ጥርሶቻቸው በወጣትነታቸው በተሞላ ጥቁር ሙሌት የተዥጎረጎሩ ናቸው። ይቆጣሉ ብዬ ስጠብቅ ልጄን ትክ ብለው አዩዋት።

"እሺ። አፌን አድሺልኝ። ሥራሽ ከጸና ክሊኒክሽ ውስጥ ቅሪ፣ ሁለተኛ አላነሳውም። ከወደቀ ግን ቢላዋ ይዘሽ ትመጪያለሽ።"

ዳሶም ተስማማች። እኔ ብሆን አልስማማም ነበር፤ ልጅቷ ግን በእጇ ትተማመናለች። በግራ በኩል ያለውን ጥቁር ሙሌት ሁሉ ሰርስራ አውጥታ በነጭ ተካችው። በቀኝ በኩል ያለውን ግን ሴትዮዋ አላስነካ አሉ። የሞላላቸው የትምህርት ቤት ጓደኛቸው የነበረው ሟቹ ሐኪም ቡ ነው።

"የቡ ሥራ ስንት ፕሬዚዳንት ሲወርድ አይቷል፣ ንቅንቅ አላለም። እሱን ተዪው።"

ለፊተኛው ክፍተት ዳሶም ግራና ቀኝ ያሉት ጥርሶች ተሸክመው የሚይዙት የሰው ሠራሽ ጥርስ ድልድይ አዘዘች። ተሠርቶ ሲመጣ ወይዘሮ ናምጉንግ መስተዋት አይተው "ይሄ የአሮጊት ጥርስ ነው፣ ይንጣ" ብለው መለሱት። ስለዚህ ሰርጉ ሲደርስ አፋቸው ላይ የነበረው ጊዜያዊ ነው፤ እውነተኛው እስኪመጣ የሚቆይ የፕላስቲክ።

"ማጣበቂያው ሆን ተብሎ የላላ ነው፣ ሳወጣው እንዳያስቸግረኝ" ብላ አስጠነቀቀቻቸው። "የሚጣበቅ ነገር አይንኩ።"

ሰርጉ በሰላም አለፈ። ወይዘሮዋ ፎቶ ላይ ሁሉ ጥርሳቸው ብቻ ነው የሚታየው። ከዚያ የእኔ ተራ መጣ። ሙሽራ አማቷ ቤት ስትገባ ከእናቷ ቤት ምግብ ይዛ ትሄዳለች፤ ከምግቡ ሁሉ ደግሞ ዮት አይቀርም። አማቲቱ ትበላዋለች፣ አፏ ይጣበቃል፣ በሙሽራዋ ላይ ክፉ አትናገርም። ልማዱ ይህ ነው። ሌላው ሰው ዮቱን ከገበያ ይገዛል። ዮት እያፈላሁ ያሳደግኳትን ልጄን የምድር እኔ ምን ላድርግ?

ዳሶም ደወለችልኝ።

"እማዬ፣ ዮት እንዳትሠሪ።"

"የዮት ሠሪ ልጅ ያለ ዮት ስትገባ ሴትዮዋ ምን እንደሚሉ ታውቂያለሽ?"

"የፊቱ ጊዜያዊ ነው አልኩሽ እኮ። ከወለቀ በኔ ላይ ነው የሚቆጠረው።"

"እሺ፣ ቀሽ የሚለውን ነው የምሠራው። አይጣበቅም።"

"እኔ ልሙት በዪ።"

"አንቺ ክፉ አይንካሽ። አይጣበቅም አልኩሽ።"

እውነቴን ነበር። ከባለቤቴ ጋር ተቀምጠን መጎተት ጀመርን። ገና መንጣት ሲጀምር ባለቤቴ ቀና አለና "ይሄ ለዚያ አፍ ነው?" አለኝ። ሁለታችንም ያ አፍ ታወሰን። በሰርጉ ቀን ስለ ልጄ ፀጉር የተናገሩት፣ ስለ ባለቤቴ ክራባት የተናገሩት፣ ስለ ሾርባው የተናገሩት ሁሉ ተራ በተራ መጣብኝ። አንድ ቀን እንኳ ቢዘጋ ምን አለበት?

"እዚህ ላይ እናቁም" አልኩት። ባለቤቴም ለቀቀው።

የሙሽራ እናት አብራ አትሄድም ይላሉ። እኔ ግን ያቺን ትንሽ የጭነት መኪና ለሰው አላበድርም፤ ልጄንና ምግቡን ጭኜ ራሴ ነድቼ ሄድኩ። የወይዘሮዋ ዘመድ አዝማድ ወለሉ ላይ ተሰብስቦ ይጠብቀናል። የዶሮው፣ የሥጋው፣ የፍራፍሬው ሣጥን ተከፈተ። ወይዘሮ ናምጉንግ ግን ዓይናቸው ዮቱ ላይ ነው። ትልቁን ቁራጭ አነሱ።

"እናቴ፣ ይቅርብዎ" አለች ዳሶም፣ እኔን በጎን እያየች።

"እናትሽ ያመጣችውን አንቺ ትከለክይኛለሽ? ዘመዶቼ ፊት?" አሉና ወደ እኔ ዞሩ። "ዘመዴ፣ ስለ ልጅዎ የቤት አያያዝ የምለው ብዙ ነበረኝ። ከዚያ በፊት ግን ይህን ልቅመስ።"

ነከሱት። አገጫቸው ወረደ፣ ወጣ፣ ከዚያ ቆመ።

የማቀዝቀዣው ድምፅ ሁሉ ይሰማ ነበር። ወይዘሮዋ ዓይናቸውን አፍጥጠው እጃቸውን ያወናጭፋሉ፣ ከአፋቸው የሚወጣ ነገር የለም። ዘመዶቻቸው መጀመሪያ ደነገጡ፤ ቀስ በቀስ ግን አንድ ሁለቱ እግራቸውን ዘርግተው ተመቻቹ። አንድ ሽማግሌ አጎት ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብለው "ከዚህ ነገር ቤትዎ ተርፏል?" ብለው ጠየቁኝ።

ዱሺክ ለብ ያለ ውሃ ይዞ ሮጠ። "አይጎትቱ፣ ውሃውን አፍዎ ውስጥ ይያዙት፣ ራሱ ይለቃል" አለች ዳሶም። ወይዘሮ ናምጉንግ መች ጠብቀው ያውቃሉ? ዮቱን በሁለት እጃቸው ይዘው መነጨቁት። ጧ ብሎ ወጣ።

የፊት ጥርሳቸው በሙሉ ዮቱ ላይ ተተክሎ ወደ እኛ ፈገግ አለ። ከጎኑ ደግሞ ምስር የሚያክል ጥቁር ነገር ተጣብቋል።

"ወደቀ" አሉ፤ ቃሉ በክፍተቱ እየሾለከባቸው። "ሥራሽ ወደቀ። ከወሩ መጀመሪያ አሳ ቤት ትመጪያለሽ።"

የልጄ ፊት አመድ መሰለ። የሴትዮዋን አፍ እዘጋለሁ ብዬ የልጄን እንጀራ ዘጋሁ፤ ዮት ማፍላትን የፈጠረውን ሰው ያን ጊዜ ባገኘው በማማሰያ እመታው ነበር። ጥፋቱ የኔ ዮት ነው ልል አፌን ስከፍት ዳሶም ቀደመችኝ።

"ዱሺክ፣ ስልክህን አብራልኝ። እናቴ፣ አፍዎን ይክፈቱ።" በብርሃኑ ውስጡን አየች፣ በጥፍሯም ነካ ነካ አደረገች። "ግራ በኩል የሞላሁት ሁሉ በቦታው አለ። የወጣው እንዲወጣ አድርጌ የሠራሁት ነው። ይሄ ጥቁሩ ደግሞ የኔ አይደለም።"

"የማን ነው ታዲያ?"

"የሐኪም ቡ።"

"የቡ አይወድቅም።"

ዳሶም ጥቁሩን ከዮቱ ላይ ፈልቅቃ መዳፋቸው ላይ አኖረችላቸው። ወይዘሮ ናምጉንግ አገላብጠው አዩት። አጠገባቸው ላለችው እህታቸው አሳዩአት፣ እሷም አየችው። "ያም ሆነ ይህ ወድቋል፣ ቃል ቃል ነው" አሉ፤ ድምፃቸው ግን እንደ ቅድሙ አልነበረም።

በማግሥቱ ክሊኒክ መሄዳቸው አልቀረም፤ የቡ ሙሌት የወለቀበት ጥርስ እየጠዘጠዘ አላስተኛቸውም፣ ደንበኛም እንዲያ ሆነው ማስተናገድ አይችሉም። እኔም ሄድኩ። ጥፋቱ የጥርሱ ቢሆንም ቤት መቀመጥ አልቻልኩም። ዱሺክ ጥግ ላይ ቆሞ የእናቱን ቦርሳ አቅፏል።

ነጩ ድልድይ ደርሶ ነበር። ዳሶም አፋቸውን በጥጥና በቱቦ ሞላችው፣ ድልድዩን አስገባችና በጣቷ ጫን ብላ ያዘችው። ማጣበቂያው እስኪደርቅ መንቀሳቀስ የለም፣ መናገርም የለም።

"እናቴ" አለች ቀስ ብላ፣ "አሁን መልስ ሊሰጡኝ አይችሉም፣ ስለዚህ እኔ ልናገር። አሳ ቤት አልመጣም። ሽታውን አልችለውም፤ ግን ለሽታው ብዬ አይደለም። ሰው ጥርሱን አፍሮ ሳይስቅ ሲቀር ሳይ ሆዴ ይባባል። የእርስዎን የሠራሁት ለውርርዱ አይደለም። የመጀመሪያ ቀን አፍዎን ሸፍነው ሲስቁ አይቼ ነው። ቢቆጡም ሥራዬን አልተውም።"

ዱሺክ ቦርሳውን ይበልጥ አቀፈው። ወይዘሮ ናምጉንግ ጣሪያውን እያዩ በአፍንጫቸው ይተነፍሳሉ። እኔ እንባዬ መጣ፤ ይቺ ልጅ እኔንም በዚህ ድምፅ ተናግራኝ አታውቅም።

"ይጉመጥመጡ" አለቻቸው በመጨረሻ።

ተጉመጠመጡ፣ ተፉ፣ መስተዋቱን ተቀበሉ። ከንፈራቸውን ወዲህና ወዲያ እየሳቡ አዩት። እኔ ወንበሬን ጨብጬ የሚመጣውን እጠብቃለሁ።

"የቀሩት የቡ ሙሌቶች" አሉ። "እነሱም ይውጡ። በየሳምንቱ አንድ አንድ እያልሽ ቀይሪያቸው። ለቡ ከእኔ በላይ የሚያዝን የለም፣ ግን ይውጡ።"

"ብዙ ናቸው፣ ጊዜ ይፈጃል እኮ" አለች ዳሶም።

"ይፍጅ። የት ልትሄጂ ነው?"

ዱሺክ ጉሮሮውን ጠረገ። "እማዬ፣ ታዲያ አሳ ቤቱ ማን ይሥራ?"

ወይዘሮ ናምጉንግ መስተዋቱን አስቀምጠው ልጃቸውን ከእግር እስከ ራሱ ተመለከቱት።

"አንተ እጅ የለህም?"