ለሰው ያልደረሰ

«የዘር ሕዋሶቹ አሉ» አለች ሐኪሟ፣ ዓይኗን ከኮምፒውተሩ ላይ ሳትነቅል። «ግን አድገው አይጨርሱም። መንገድ ላይ ይቆማሉ።»

ከገብረአማኑኤል የዘር ፍሬ ለምርመራ ሥጋ የተወሰደበት ቦታ አሁንም ይጠዘጥዘዋል። አጠገቡ ሚስቱ ሰርካለም ተቀምጣለች፤ ከተጋቡ ጀምሮ መካን ስትባል የኖረችው እሷ ናት።

«ታዲያ አውጥቶ ውጭ ማሳደግ አይቻልም?» አለ ገብረአማኑኤል።

«ቤተ ሙከራ ውስጥ የሚሞክሩ ተመራማሪዎች አሉ። በእንስሳት ላይ ተስፋ የሚሰጥ ነገር ታይቷል። ለሰው ግን ገና አልደረሰም።»

«መቼ ይደርሳል?»

ሐኪሟ ሰርካለምን አየቻት። አርባ ሊሞላት ምን ያህል እንደቀራት ታውቃለች። «ዋሽቼ ልሸኛችሁ አልፈልግም» አለች። «አላውቅም።»

ሲወጡ የደብረ ብርሃን ንፋስ ፊታቸውን ገረፈው። ገብረአማኑኤል ብርድ ልብስ ፋብሪካ ውስጥ ማሽን ይጠግናል። የቆመ ማሽን ፈትቶ፣ ጠርጎ፣ ዘይት አጠጥቶ ያስነሣል። ዛሬ ግን እጆቹን የሚያደርግበት ጠፍቶት ኪሱ ከተታቸው።

«ለእናትህ እንዳትነግራቸው» አለችው ሰርካለም፣ ባጃጅ ውስጥ ሲገቡ። «እኔን መውቀስ ለምደዋል። የአንተን ግን አይችሉትም።»

እናቱ ወይዘሮ አልታየች ከመዘዞ የመጡት በማለዳ ነበር። ቤት ሲደርሱ የተዘፈዘፈ ሥር አጥልለው፣ በብርጭቆ ይዘው ጠበቋቸው።

«ይቺ የስንቷን ማሕፀን ከፍታለች። አፍንጫሽን ያዥና ጨልጪው።»

ሰርካለም እንደ ወትሮዋ እጇን ዘረጋች።

«ተይ፣ እማዬ!» ድምፁ ለራሱም እንግዳ ሆነበት። «እሷ ምንም የላትም። ጉድለቱ የኔ ነው። ዛሬ ሐኪሟ ነገረችን።»

እናቱ ብርጭቆውን እንደያዙ ቀረቡት። በልጅነቱ ሲታመምባቸው ያዩት እንደነበረው፣ ከራሱ እስከ እግሩ አዩት።

«መድኃኒት አለው አለችህ?»

«የለውም። ገና እየፈለጉ ነው።»

ወይዘሮ አልታየች ወደ ሰርካለም ዞሩ።

«ታዲያ እኔ ይሄን ሁሉ ዓመት ይቺን ልጅ ምን ሳጠጣት ኖርኩ?»

ሐኪም ፊት ያላነባችው ሰርካለም ነጠላዋን አፏ ላይ አፍና ወደ ጓዳ ገባች። ልቅሶዋ ከግድግዳው ወዲያ ይሰማል። እናቱ መደቡ ላይ ቁጭ አሉ፤ ብርጭቆው በእጃቸው አጋድሎ ጠቆር ያለው ውሃ በቀሚሳቸው ላይ ይፈስሳል። ገብረአማኑኤል መሃል ወለሉ ላይ ቆሞ፣ መጀመሪያ ወደ የትኛዋ መሄድ እንዳለበት ጠፋው።